ፓይለቱ አያትህ ጓሮ ውስጥ ነው

ወገን፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ስብሰባም ስለ መግለጫም አይደለም። ስለ አንድ ዶማ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቡሹሎ አጎቴ ግቢ ስገባ ዶማው እንሰቱ ሥር ነበር። ሰባት እንሰት ተነቅሎ አጥሩ ጥግ ተጋድሟል። ያልደረሱ፣ ገና የሁለትና የሦስት ዓመት ተክሎች ናቸው። "ምን እየተደረገ ነው?" ስል "ጫት ልተክል ነው" አሉኝ፤ ቀና እንኳን አላሉም።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ አይደል? በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ዲግሪ አለኝ። ጀመርኩላቸዋ! ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ብዝኃ ሕይወት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ያነበብኩትን ሁሉ አወረድኩት። አጎቴ እስክጨርስ ታገሱኝና እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ጫት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል። እንሰት አምስት ዓመት ጠብቀኝ ይላል። አንተ አራት ዓመት ተማርክ፣ ከተመረቅክ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነህ። እስቲ ከሦስታችሁ ማን ቶሎ ደረሰ?"

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ምክንያቱም አጎቴ ልክ ናቸው። የሳቸውን ስሌት በስብከት ማሸነፍ አይቻልም። ግን ያ ዶማ የነካው ሰባት እንሰት ብቻ አይደለም፤ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የተማርኩትን ነገር ነው የነቀለው። የሚገርመው ደግሞ ያኔ የተማርኩት ነገር የራሴ ጓሮ መሆኑን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም። ስላይዱ ላይ የነበሩት ፎቶዎች የላቲን አሜሪካና የእስያ ነበሩ። "ጥምር ደን እርሻ፣ አግሮፎረስትሪ ማለት ዛፍን፣ ሰብልንና ከብትን በአንድ መሬት ላይ አዋህዶ ማልማት ነው" ብለን ጻፍን፣ ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ኤ አመጣን። ከዚያ ወደ ቤት ሄደን በዚያው በጥምር ደን እርሻ መሃል ባለች ጠባብ መንገድ አልፈን፣ ቆጮ በልተን ተኛን። እንዴት አይታየንም?

እስቲ አንተም አሁን ይህን ስታነብ ዓይንህን ጨፍንና የአያትህን ጓሮ አስበው። የሲዳማ ልጅ ከሆንክ ይታይሃል። ለቤቱ የቀረበው እንሰት ነው፤ ወሴ። ለምን ቀረበ? የከብቱ ፍግ ከጋጣ ወጥቶ ሩቅ ሳይሄድ እሱ ሥር እንዲደፋ ነዋ። ከእንሰቱ ጋር ተሰባጥሮ ቡና አለ። ከላይ ዋዲቾ፣ ማለትም ዋንዛ፣ ጥላውን ዘርግቷል። ሄንጌዲቾ፣ አማርኛው ብርብራ የሚለው፣ ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ለአፈሩ ይመልሳል፤ ቅጠሉ ረግፎ ይበሰብስና ማዳበሪያ ይሆናል። ታች ጎመኑ፣ ጎደሬው፣ ቦይናው። እድለኛ ግቢ ከሆነ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ዳጉቾ፣ ዝግባ ማለት ነው፣ አያት ቅድመ አያት ያልነኩት ቆሟል።

ይሄ እንዲሁ በዘፈቀደ የበቀለ ቁጥቋጦ አይደለም። እንሰት ከእናት ግንድ ፈልቶ፣ ተነቅሎ፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ ዞሮ፣ እንደገና ተነቅሎ፣ በመጨረሻ ቋሚ ቦታው ላይ የሚተከል ነው። የትኛው ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለታመመ ሰው እንደሚሆን አያቴ በስም ይለያሉ። እኔ? እኔ "እንሰት" ብቻ ነው የማውቀው። ዲግሪው የኔ ነው፣ እውቀቱ የሳቸው። ደግሞ እንሰት እንደ በቆሎ አጨዳ ቀን ቀጥሮ አይጠብቅህም። ክፉ ቀን ሲመጣ ትቆርጠዋለህ፣ ካልመጣ ቆሞ ይወፍራል። ባንክ ነው በቃ። በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ ተክል ላይ ይኖራል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

"ስሜት ነው፣ ማስረጃ አምጣ" ለምትለኝ፦ ተመራማሪው ተስፋዬ አበበ ሲዳማ ውስጥ 144 የጓሮ እርሻዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዶክትሬት ዲግሪው አቅርቧል። እነዚያ ጓሮዎች ውስጥ የቆጠረው 78 ዓይነት ሰብልና 120 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ነው። መቶ ሃያ! አንተ በስም ስንት ዛፍ ታውቃለህ? እኔ ሞክሬ አሥራ ስድስት ላይ ቆምኩ፤ ያውም ሁለቱ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ናቸው። ያው ጥናት መንገድና ገበያ ሲቀርብ ጫት እየሰፋ፣ ስብጥሩ እየሳሳ እንደሚሄድም ያሳያል። የአጎቴ ዶማ ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችንን ደግሞ እይ። ከሀዋሳ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ገደማ ሄደህ ዲላ ትደርሳለህ፤ ጌዴኦ። ይሄው የኛው ዓይነት እርሻ ነው፦ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ ያውም ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ በሚኖርበት መሬት። በመስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ልብ በል፣ የተመዘገበው ቤተ መንግሥት ወይም ሐውልት ብቻ አይደለም። ትክል ድንጋዮቹም ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተከበሩ ደኖችም አሉበት፤ ግን ዋናው ገበሬ በየቀኑ የሚኮተኩተው ጓሮ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ዜናውን ስሰማ ትንሽ ቀናሁ። ቅናቱ ግን ጥሩ ዓይነት ነው፤ ወንድም ሲያገባ የሚሰማህ ዓይነት።

እኛስ? የኛ ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የመዝገቡ ጽሑፍ ላይ የጎሳ መሪዎች በዓሉ ላይ ለሕዝቡ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ነው። ሌሎቹ ምን እንደሆኑ ታውቃለህ? አትስረቅ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትለምን፣ አትስነፍ። ማለትም አባቶቻችን ዋዲቾ መቁረጥን ከሌብነትና ከሐሰት ምስክርነት ጋር አንድ ረድፍ ላይ ነው ያስቀመጡት። እኛ ጉዱማሌ ሄደን ጨፍረን፣ ሰልፊ ተነስተን፣ "ማንነቴ" ብለን ፖስት አድርገን እንመለሳለን። ማንነቱ ግን ጓሮ ውስጥ እየተነቀለ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ገና ሳይነጋ ተሰልፈን ድምፅ የሰጠን ልጆች ነን። ያ ሁሉ ለምን ነበር? ባንዲራው የሚውለበለብበት መሬት ላይ ምን እንደሚበቅል ለመወሰንም ጭምር አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ፓይለቱ ልምጣ።

ፓይለት ፕሮጀክት የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሙከራ ተብሎ አንድ ቀበሌ ይመረጣል። ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ ይደረጋል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አበል ይፈረማል። ችግኝ በፕላስቲክ ተሞልቶ በአይሱዙ ይመጣል። ፎቶ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ መኪናው አይመጣም። እኔ ራሴ ስሙን በማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ሀያ ቀን መጠይቅ በማስሞላት ሠርቻለሁ። ስብሰባው ላይ የተጠሩት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። እንሰቱን የሚተክሉት፣ የሚፍቁት፣ የሚያብላሉት ሴቶች ሆነው ሳለ! አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ "ስንት ሄክታር መሬት አለዎት?" ብዬ ስጠይቃቸው አዩኝ፣ ሳቁና "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ቅጹ ላይ "የእርስዎን እርሻ እንዴት ነው የሚሠሩት? ያስተምሩን" የሚል ጥያቄ አልነበረም።

የአረንጓዴ አሻራም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት አወጀ። እኔም ያን ቀን ወጥቼ ተክያለሁ፣ አልክድም፤ ዝናቡ መትቶኛል፣ ደስም ብሎኛል። ግን የተተከለ ሲቆጠር እንጂ የጸደቀ ሲቆጠር አንተ ሰፈር አይተሃል? ዛፍ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ማሳደግ ግን ባለቤት ይፈልጋል።

ባለቤት ሲኖረው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ወላይታ ሁምቦ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር ሆኖ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ መልሶ ማልበስ ጀመረ። ዋናው ዘዴ ችግኝ ማፍላት አልነበረም። ተራራው ራቁቱን ቢሆንም ከመሬት በታች የተቆረጡት ዛፎች ሥር ሕያው ነበር። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን መርጠህ አንዱን ሁለቱን ታስቀራለህ፣ ሌላውን ትገርዛለህ፣ ከብት ትከለክላለህ፤ በቃ። ሰባት የነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ደኑን በስማቸው ያዙ። ከዚያ ዛፉ የዋጠው ካርቦን ተለክቶ በዓለም ባንክ በኩል ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለማኅበራቱ ገባ። ይሄ ነው ፓይለት! ሕጉም ቢሆን አለ፦ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን የመንግሥትና የግል ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብም እንደሚሆን አውቆ ጽፎታል። እኛ ስላላነበብነው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

ግን ቡሹሎ ሁምቦ አይደለም፤ እሱንም እናገራለሁ። እኛ ከተማ ነን። ተራራ የለንም፣ ያለን ሐይቅና ቁርጥራጭ ግቢ ነው። የአባት መሬት ለአራት ልጅ ሲካፈል፣ ካርታ ሲወጣበት፣ ብሎኬት ሲቆለልበት እያየን ነው ያደግነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ እኛ ላይ የሚብሰው። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከላይ ከተራቆተው መሬት ታጥቦ የመጣ አፈር ሁሉ የሚቀረው እዚያው ነው። ሽማግሌዎችን ስለ ጨለለቃ ጠይቅ፤ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው። ጓሮህ ውስጥ ያለው ዛፍና እንሰት ዝናቡን ሰብሮ፣ አፈሩን ይዞ፣ ውኃውን አስርጎ ነው ወደ ሐይቁ የሚልከው። እሱን ነቅለህ ዓሣው የት ገባ ብለህ አሞራ ገደል ቆመህ አትጠይቅ።

ባሕር ዛፍን ልወቅስ አልፈልግም፤ የተወለድኩበት ቤት ማገርና ወራጅ እሱ ነው። ጫት የሚተክለውንም "ከሃዲ" አልልም፤ የትምህርት ቤት ደብተሬ ከየት እንደተገዛ አውቃለሁ። የጥንቱን ጓሮም ገነት አላደርገውም። እናቴን እንሰት ስትፍቅ ያየ ሰው ገነት አይለውም፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፣ ያውም የሴት ብቻ ተደርጎ የተተወ። በዚያ ላይ አጠውልግ የሚባለው በሽታ አለ። አንድ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ጓሮው ሁሉ ይጠፋል። አያቴ ቢላዋቸውን እሳት ላይ ያሳልፉታል። ተመራማሪዎቹም የሚመክሩት ይሄንኑ ነው፤ አያቴ ግን አበል አልተከፈላቸውም።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። ነገ አንድ ፕሮጀክት "ከነባር ማኅበረሰብ ጋር የጥምር ደን እርሻ ፓይለት ልንጀምር ነው" ብሎ ቢመጣ፣ ባዶ መሬት ፈልጎ ከዜሮ እንዳይጀምር እንያዘው። ቆሞ ካለው ጓሮ ይጀምር። ችግኝ ጣቢያው ላይ ዋዲቾ፣ ዳጉቾ፣ ሄንጌዲቾና ወሴ ይኑር፤ ጣቢያውንም ዝርያውን በስም የሚለዩት እናቶች ይምሩት፣ በደመወዝ። መፋቂያ ማሽን ይምጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአጎቴን የአምስት ዓመት ስሌት ይመልስ። እንሰቱና ዛፉ እስኪደርስ ገበሬው ምን ይብላ? ለዚህ መልስ የሌለው ፓይለት ጫትን አያሸንፍም፣ ልፋ ቢለው ነው።

መልሱ ያለ ይመስለኛል፣ ቢያንስ ግማሹ። ይርጋለም ላይ በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የአቮካዶ ዘይት የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ግራፍት የተደረገ አቮካዶ በሦስት ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል፤ እንሰት መሃል ቢቆም ደግሞ ጓሮውን አያፈርስም። ሌላው ቡናው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንድ ሕግ አውጥቷል፦ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና ገበያው ውስጥ አይገባም፤ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ መምጣቱ ግን አይቀርም። የኛ ቡና ከጥላ ሥር የወጣ ነው፣ ደን ጨፍጫፊ አይደለም። ግን ማን ይመስክርለት? ማሳ ለማሳ ዞሮ፣ በስልክ ጂፒኤስ ነጥብ ይዞ፣ የገበሬውን ስም በትክክል ጽፎ፣ በሲዳምኛ አስረድቶ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይሄ ሥራ የማን ይመስልሃል? ሲቪ ይዘን ስቴሽነሪ ፎቶ ኮፒ ላይ የምንጋፋው የኔና የናንተ ነው። የማኅበራት ዩኒየኖቹን በር እናንኳኳ፤ ፈረንጅ አማካሪ ከመቀጠሩ በፊት።

እኔ ምን አደረግኩ? ትልቅ ነገር አላደረግኩም። ሰኞ ዕለት ተመልሼ አጎቴ ጋ ሄድኩ። በዚህኛው ጉዞ ስለ አየር ንብረት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። "አጥሩ ሥር ያለችውን፣ አምስት እርምጃ በአሥራ ሁለት የምትሆን መሬት ስጡኝ፤ ችግኝ አፍልቼ ልሽጥ" አልኳቸው። አቮካዶና ቡና ለገንዘቡ፣ ዋዲቾና ሄንጌዲቾ ለጓሮው። ዘሩን ከአያቴ ዛፎች ሥር ለቅሜያለሁ። የፕላስቲክ ከረጢት ዋጋ ተበድሬያለሁ፤ ከማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ኮሜንት ላይ ይመጣል።

አጎቴ ዶማውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ዲግሪህ ይሄን ይችላል?" አሉ። "አያቴ ይችላሉ፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ" አልኩ። ከዚያ የተነቀሉትን እንሰቶች በእግራቸው ገፋ አደረጉና "የቀሩትን አልነካም፤ እስከ መስቀል። መስቀል ላይ ሳንቲም ካላየሁ ጫቱ ይገባል" አሉኝ።

ነሐሴን ይዘናል። ከተነቀሉት ሰባት እንሰቶች አምስቱን መልሰን ተክለናል፤ ሦስቱ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ቡሹሎ የምትቀርቡ፣ የዋዲቾ ወይም የአቮካዶ ችግኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉ። የማትቀርቡ ደግሞ ዛሬ ማታ አያታችሁን ጠይቁና ጓሮው ውስጥ ያሉትን ዛፎች ስም እዚህ ሥር በሲዳምኛ ጻፉልኝ፤ እኔ ያለኝ አሥራ ስድስት ብቻ ነው።